የንባብ ስፔሻሊስት ማስተርስ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ሦስተኛ ክፍል (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) | እሑድ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ረዳት መምህር ሆንኩ፣ ቀስ በቀስ ላይሰንሴን አወጣሁ፣ አሁን ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ክፍሌ ውስጥ ካሉት 22 ልጆች ሰባቱ የክፍላቸውን ያህል አያነቡም፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዷ ቤቷ አማርኛ ነው የሚወራው። ገጹን ስሰጣት ጥርት አድርጋ ታነበዋለች፣ አንድ ቃል አትስትም። "ምን ሆነ ታዲያ ውሻው?" ስላት ዝም። ሌላው ደግሞ አፉ የተፈታ፣ ታሪክ ሲነግርህ የምትውል የምታድርለት ልጅ ነው፣ ግን አራት ፊደል ያላት ቃል ላይ ይቆማል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይገምታል። እኔ ሁለቱንም "ንባብ ይቸግራቸዋል" ብዬ አንድ ቡድን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ምን ላድርግ የሚለው ላይ ነው ባዶ የምሆነው።

እዚህ አቅራቢያ 36 ክሬዲት የሆነ የንባብ ስፔሻሊስት ማስተርስ አለ፣ አብዛኛው ማታ በኦንላይን ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ወይ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ልጆችን ማስተማር) ልጨምር? ወይስ ዲስትሪክቱ የሚሰጠው ሥልጠና ይበቃኛል? ባለቤቴ "ዲግሪው ለግድግዳው ነው ወይስ ለልጆቹ?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ያለፋችሁበት እስቲ ንገሩኝ።

ኮረብታው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) | እሑድ፣ ማታ 4፡25

ወንድሜ፣ እኔ አልመክርህም። ሁለት ልጅ አለኝ፣ ማስተርስ ስማር ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሑድን አላየሁትም። የተማርኩት ደግሞ ግማሹ አሁን አይሠራም ተብሏል። "ልጁ ቃሉ ሲከብደው ሥዕሉን እንዲያይ፣ የመጀመሪያውን ፊደል እንዲያይ፣ ትርጉም የሚሰጠውን እንዲገምት አድርጉ" ብለው አስተምረውን ነበር። እኔም ለስንት ልጅ ይህንኑ አስተማርኩ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ብዙ ዲስትሪክቶች ሌተርስ የሚባለውን ሥልጠና በነፃ ይሰጣሉ። ስምንት ክፍል አለው፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ያልቃል፣ የንባብ ሳይንሱን ከሥሩ ያስተምርሃል። እሱን ውሰድ፣ ገንዘብህን ለልጆችህ አስቀምጥ።

ጠመኔ (ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ) | ሰኞ፣ ማታ 2፡50

እኔ የንባብ ስፔሻሊስት ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኮረብታው ያልከው ያማል፣ እውነትም ነው። ግን ሦስት ዓይነት ወረቀት እየተቀላቀለብን ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እናጥራው።

አንደኛው ስቴቱ ላይሰንስህ ላይ የሚጨምርልህ ኢንዶርስመንት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዚህ ስቴቱ ያጸደቀው የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም መጨረስ ይጠበቅብሃል፣ ቢያንስ 30 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት። በዚያ ላይ ንባብ ማስተማር ዋና ሥራህ የነበረበት የሦስት ዓመት የክፍል ልምድ፣ የስፔሻሊስት ፈተና፣ እና የንባብ ችግርን መርምረህ የምታክምበት በተቆጣጣሪ የሚታይ ልምምድ ይፈለጋል። ልምዱን አንተ ጨርሰሃል። ሁለተኛው እንደ ዊልሰንና ኦርተን ጊሊንግሃም ባሉ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴዎች የሚሰጠው ሰርተፍኬት ነው። ዲስሌክሲያ (ቃል መፍታትን የሚያከብድ የንባብ ችግር) ላለበት ልጅ በጣም ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ የዊልሰን አንደኛ ደረጃ ቢያንስ 60 ትምህርት አንድ ልጅ ላይ እንድትሰጥ ያስገድድሃል፣ እየመጡም ያዩሃል። ነገር ግን ስቴቱ "ስፔሻሊስት" ብሎ አይጽፍልህም። ሌተርስ ሦስተኛው ነው። ጥሩ እውቀት ነው፣ ላይሰንስ ግን አይደለም፣ ልጅ አጠገብ አስቀምጦም አያይህም።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆችህ። ጎፍ እና ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ነገር ጻፉ። ንባብ ማለት የተጻፈውን ወደ ድምፅ መፍታት ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው አሉ። ልብ በል፣ ሲደመር አላሉም፣ ሲባዛ ነው ያሉት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ልጅቷ መፍታቱ ሞልቶላት የእንግሊዝኛ ቃላትና የዓረፍተ ነገር እውቀት የጎደላት ትመስላለች። ልጁ ቋንቋው ሞልቶ መፍታቱ ጎድሎታል። አንድ ቡድን ውስጥ ስታስቀምጣቸው ለአንዳቸውም የሚያስፈልጋቸውን አትሰጥም። ይህንን ለማወቅ ማስተርስ አያስፈልግህም፣ ነገ ጠዋት ለያቸው።

ማስተርሱ የጠቀመኝ ሌላ ቦታ ነው። የመጨረሻው ክረምት ላይ ክሊኒክ ነበረን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ልጅ ተሰጠን፣ አስተማሪያችን ከኋላ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። የእኔ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ አማርኛ አቀላጥፎ ያነባል። እንግሊዝኛው ግን አልሄድ አለ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ሳስጠናው ከረምኩ። አንድ ቀን አስተማሪዬ ጠጋ ብላ "ፊደሉንማ ያውቃል፣ ቃሉ ውስጥ ስንት ድምፅ እንዳለ ጠይቂው" አለችኝ። "ሺፕ" አልኩት፣ መርከብ። "ስንት ድምፅ ሰማህ?" ጣቱን አወጣና "ሁለት" አለ።

ለአስተማሪዬ ስህተት ነው፣ ሦስት ነዋ የምትጠብቀው። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። ልጁ በፊደላችን ነው የቆጠረው። ሺ፣ ፕ። ሁለት! በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ነው የሚጻፉት፣ ስለዚህ ለያይቶ የሚሰማበት ምክንያት አልነበረውም። በማግስቱ ሦስት የሸሚዝ ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። "ሳድሱን ታውቃለህ አይደል?" አልኩት። ሽ። ኢ። ፕ። ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ ገፋ። ደግመን፣ ደጋግመን። በአሥር ቀን ውስጥ ያ ልጅ ቃል ሳይገምት እየፈታ ማንበብ ጀመረ።

ስለዚህ የፕሮግራሙን ስም አትይ። ስንት ሰዓት ልጅ አጠገብ እንደሚያስቀምጥህ፣ ማን እንደሚያይህ፣ ካየህ በኋላ ምን እንደሚልህ ጠይቅ። ያ ከሌለው አትግባበት።

ሦስተኛ ክፍል | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ"ሁለት"ዋን ታሪክ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ደሴ እያለሁ ሳድስን ስንቴ አስተምሬ፣ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ጥያቄ። ስፔሻሊስት ሆኖ ቀኑ ምን ይመስላል? ክፍሌን ትቼ መውጣቱ ያስፈራኛል።

ጠመኔ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ አራት አራት ልጅ። ስድስት ቡድን አለኝ። ከሰዓት የምርመራ ውጤት ከመምህራኑ ጋር አያለሁ። የቨርጂኒያ የማንበብና መጻፍ ሕግ በ2022 ወጥቶ ከ2024 መኸር ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ወደኋላ ለቀረ ልጅ ሁሉ የንባብ እቅድ መጻፍ አለበት። እቅዱ ላይ ስፔሻሊስቱ ይገባበታል፣ ወላጅም ያውቀዋል። ሥራው በዝቷል፣ ግን ድሮ ተደብቆ ያልፍ የነበረ ልጅ አሁን ይታያል።

ከባዱ ልጆቹ አይደሉም። ሃያ ዓመት ያስተማረች መምህርት ክፍል ገብተሽ "ይሄን በሌላ መንገድ ብንሞክረውስ" ማለት ነው። ትሕትና ይጠይቃል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳልል መጽሐፍ ተሸክሜ አብሬ ቆሜያለሁ፣ ከዚያ ነው መጠየቅ የጀመሩት። ክፍልህን ትናፍቃለህ፣ አልዋሽህም።

ሰሜን (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ) | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም። ቲች ግራንት የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ እይ። የንባብ ስፔሻሊስት መምህር በብዛት ከሚፈለግባቸው ሙያዎች ውስጥ ተቆጥሯል። በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ነው፣ በበጀት ቅነሳ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ለድኅረ ምረቃ በጠቅላላው ከ8,000 አይበልጥም። ግን አስተውል። ከጨረስክ በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ አራቱን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ማስተማር አለብህ። ካልሆነ ድጎማው ብድር ይሆናል፣ ወለዱም ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በየዓመቱ የሚላክልህን ወረቀት አትዘንጋ። አንዳንድ ዲስትሪክት ደግሞ የክፍያውን የተወሰነ ይመልሳል፣ የሰው ኃይል ቢሮውን ሳትጠይቅ አትመዝገብ።

ሌላው፣ ስቴት ልትቀይር ካሰብክ ቀድመህ አጣራ። አንዱ ጋ የተሰጠህ ወረቀት ሌላው ጋ እንዳለ አይቆጠርልህም፣ ተጨማሪ ፈተና ወይም ኮርስ ሊጠይቁህ ይችላሉ። እኛ ጋ ሪድ አክት የሚባለው የንባብ ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ንባብ የምናስተምር መምህራን ከጸደቁት ሥልጠናዎች አንዱን እንድንወስድ ተደርጓል። እኔም ሌተርስን ወስጃለሁ። ኮረብታው እንዳለው እውቀቱ ጥሩ ነው። ግን ከስክሪን ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ጠመኔ ያለችው ዓይነት፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚያየኝ ሰው አልነበረኝም፣ ልዩነቱ ይሰማኛል።

ኮረብታው | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ጠመኔ፣ ልክ ነሽ። እኔ የተማርኩበት ክሊኒክ አልነበረውም። ልምምዱ የራሳችን ክፍል ውስጥ የሠራነውን ቪዲዮ ቀርጾ መላክ ነበር፣ ውጤት ይመጣል፣ አስተያየት አይመጣም። ምናልባት የተናደድኩት በማስተርሱ ሳይሆን በዚያ ነው። ወንድሜ፣ ምክሬን በግማሽ አነሳለሁ። የምትገባበት ፕሮግራም መገመትን አሁንም የሚያስተምር ከሆነ ግን ሽሽ። የኮርስ ዝርዝሩን አስልክና ድምፅን መለየት፣ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት፣ ቅልጥፍና፣ ቃላት፣ መረዳት፣ አምስቱም በስማቸው ተጽፈው እንደሆነ እይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል የተባለው የባለሙያዎች ቡድን እነዚህን አምስቱን ካወጣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ! ዛሬም የሌለው ፕሮግራም ምክንያት የለውም።

የአንደኛ ክፍሏ (አዲስ አበባ) | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ከሩቅ እየተከታተልኳችሁ ነው፣ ቅናት ቢጤም ይዞኛል።

እኛ ጋ "የንባብ መምህር" የሚባል ፈቃድ የለም። የሙያ ፈቃድ አለ፣ የእድገት መሰላል አለ፣ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር። ግን አንደኛ ክፍል ንባብ በማስጀመር ጎበዝ ስለሆንክ የምትወጣው ደረጃ የለም። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ተማርኩ፣ አማርኛ ማስተማር ነው የትምህርቱ ስም። ሰዋስው ተማርኩ፣ ሥነ ጽሑፍ ተማርኩ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ ጻፍኩ። የስድስት ዓመት ልጅ "መ"ን ከ"ሠ" እንዴት እንደሚለይ የሚናገር አንድም ኮርስ አልነበረም። በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) አለብን፣ አብዛኛው ፎርም መሙላት ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የንባብ ምዘና ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከምንባቡ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። 48 በመቶው አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋ አዲስ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ እኛም ሠለጠንን። ያ ሥልጠና ዛሬም ድረስ ያገለግለኛል፣ በሙያዬ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ግን ጥቂት ቀን ነው፣ ያኔ የሠለጠኑትም ብዙዎቹ ከክፍል ወጥተዋል።

ክፍሌ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። 58 ልጆች አሉኝ። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ይሉታል፣ ደስ ይላል ስትሰሚው። "ሞ"ን ለብቻዋ ሰሌዳ ላይ ስጽፋት ግን ግማሹ ከ"መ" ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ካልሄደ አይደርስባትም። ቦታዋን ነው እንጂ መልኳን አያውቃትም። ስለዚህ ካርቶን ቀድጄ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ መስኮት ሠራሁ። ሠንጠረዡ ላይ አዞራታለሁ፣ የታየችውን ይላሉ። ትንሽ ረድቶኛል።

ጠመኔ፣ ጥያቄዬ ለአንቺ ነው። ያለ ዲግሪ፣ ያለ ክሊኒክ፣ 58 ልጅ ይዤ ካንቺ ሥራ የቱን ልውሰድ?

የቀድሞ መምህር (ዋሽንግተን ዲሲ) | ረቡዕ፣ ማታ 4፡50

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ግን ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ጎጃም የቄስ ተማሪ ነበርኩ። ሀሁን በቃላችን ከያዝን በኋላ የኔታ ሌላ ነገር ያመጡብናል፣ አቡጊዳ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ልብ ብላችሁ እዩት፣ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ነው፣ እያንዳንዱም ከሌላ እርከን። ዜማው አያግዝህም። ፊደሉን ካላወቅከው ትጋለጣለህ። ያኔ የሚያስጨንቁን ይመስለን ነበር። አንቺ የካርቶን መስኮቷን ስትጽፊ የኔታ ምን ያደርጉ እንደነበር ገባኝ። ያው ያንቺን መስኮት ነው።

ሌላው፣ ስንጥር ይዘን ፊደሏን እየነካን አንድ በአንድ ነበር የምንቀርባቸው። እሳቸው ሲያዳምጡ ሌላው በየጥጉ ይለፋል፣ ትልቁ ትንሹን ያስጠናል። ትልልቆቹን በትንንሾቹ ላይ መድቢያቸው፣ አይከፋም።

ጠመኔ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አቡጊዳን እንዲህ አላየሁትም።

እህቴ፣ 58 ልጅ በአንዴ አትመረምሪም። በቀን ሦስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ጋሼ እንዳሉት ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለፉ። አሥር የተበታተነ ፊደል፣ አምስት ቃል፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። የሳተውን እንዳለ ጻፊው፣ "ሞ"ን "ሙ" ካለ "ሙ" ብለሽ ጻፊ፣ ኤክስ አታድርጊ። ስህተቱ ነው የሚነግርሽ። ቤቱን አውቆ እርከኑን የሳተ ልጅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ "መ"ንና "ሠ"ን የሚያምታታው ሌላ። በአራት ሳምንት ሁሉንም ትደርሻቸዋለሽ፣ ሦስት ወይም አራት ቡድን ይወጣልሻል።

አንድ የአማርኛ ብቻ የሆነ ነገር ልጨምር። የሚጠብቅና የሚላላ ፊደላችን በጽሑፍ አይለይም። "ሰፊ" የሚለውን ልብስ የሚሰፋው ይሁን ሰፋ ያለው ነገር፣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ካልተረዳ በትክክል ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ፊደል ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ትርጉም የምንሄደው አትበይ። ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ታሪክ አንብቢላቸው፣ አውሪያቸው።

የአንደኛ ክፍሏ | አርብ፣ ቀን 10፡30

ዛሬ ሦስቱን ጀመርኩ። አንዱ ልጅ "ቤ"ን "በ" አለ፣ "ሜ"ን "መ" አለ፣ "ሌ"ን "ለ" አለ። ጎበዝ ያልሆነ ይመስለኝ ነበር። ቤቱን ሁሉ ያውቀዋል! ኃምስ ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ ነው የማያያት። አራት ወር አብሬው ነበርኩ፣ አላወቅኩም። ሰኞ ቀለበቷን በቀይ ጠመኔ እጽፍለታለሁ። ጋሼ፣ አቡጊዳውን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሦስተኛ ክፍል | እሑድ፣ ማታ 3፡30

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሁለቱን ልጆች ለያየኋቸው። ልጅቷን ከማንበባችን በፊት ቃላቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወራታለሁ፣ ሐሙስ ዕለት ስለ ውሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ልጁ ገና ነው፣ በቁልፍ እየገፋ ነው።

ለሁለት ፕሮግራሞች ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያው ስለ ልምምዱ ስጠይቅ "በራስህ ክፍል ታጠናቅቀዋለህ" አለኝ፣ ማን እንደሚያየኝ ደግሜ ስጠይቅ መልስ አጣሁ። ሁለተኛው ራቅ ይላል፣ ትንሽም ይወደዳል፣ ግን ክረምት ላይ አምስት ሳምንት በአካል ክሊኒክ አለው፣ ተቆጣጣሪዋ ራሷ ናት ስልኩን ያነሳችው። "ልጁ ሲሳሳት ምን ትጽፋለህ?" አለችኝ። ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ አልኳት። ጠመኔ፣ ለዚህ መልስ አንቺን ነው የማመሰግነው።

ዲስትሪክቱ ከክፍያው የተወሰነውን ይመልሳል፣ ስለ ቲች ግራንቱ ግን ትምህርት ቤቴ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን እያጣራሁ ነው። የኢትዮጵያ ዲግሪዬን ላይሰንስ ሳወጣ አስገምግሜው ስለነበር እሱ አለቀልኝ። ባለቤቴ ቅዳሜን ትቼ እሑድን እንዳላስነካ አስምላኛለች። አሁን የቀረኝ የርእሰ መምህሬ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፣ ነገ ከልጆቹ ምሳ በፊት ቢሮዋ ገብቼ እጠይቃታለሁ።